የሊቀ ውኃ ወልደ ማርያም ምላስ

ነገሩ ገና ሳይመጣ ቀድሞ የሚያውቀው አንድ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። በፀሐይ የሚሠራ መብራት ጣሪያ ላይ ሲወጣ "ወደዚያ አዙሩት" ይላል፤ ሰው ሲታመም መድኃኒቱን፣ በግ ሲገዛ ዕድሜውን ይናገራል። ማንም አልጠየቀውም። እስኪጠየቅ የሚጠብቅማ የማያውቅ ሰው ነው።

በገዳሪፍ፣ ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ ባለው ሰፈር ይህን ሹመት የያዙት አያ ወልደ ማርያም ናቸው። ከመተማ ተሻግረው በመፋዛ እርሻዎች ሠላሳ ዓመት ለሠራተኛ ውኃ ሲያድሉ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ናጂያ ግን ከሻይ ቤቷ ጥግ ተቀምጠው ከርከዴ የሚጠጡ ጸጥተኛ ደንበኛ ይመስሏት ነበር። ከዚያ የመዋኛ ገንዳ ገዛች።

ገንዳው መሬት ሳይቆፈርለት በብረት ዘንጎች ተደግፎ የሚቆም፣ ሰማያዊ የፕላስቲክ ገንዳ ነው። ጨው ከሟሟበት ውኃ ክሎሪን የሚያወጣ ትንሽ መሣሪያም አብሮት መጥቷል። ናጂያ ከጓሮዋ አስተከለችውና ለሰፈሩ እናቶች ሁሉ "ዓርብ ልጆቻችሁን አምጡ" አለች። ከካርቱም ተፈናቅለው ከመጡ ጀምሮ ውኃን በጀሪካን እንጂ በሌላ መልክ ያላዩ ልጆች ቀኑን በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ።

ወሩ ግንቦት ነው። በግንቦት የገዳሪፍ ሰው ውኃ የሚጠጣው በአህያ ጋሪ እያስመጣ ነው። ለገንዳው ሠላሳ ጋሪ ገባ። ጎረቤት ለአንድ ጀሪካን በሚሰለፍበት ወር ሠላሳ ጋሪ ውኃ ያስገባች ሴት፣ ውኃው ተበላሸብኝ ብላ መንገድ ላይ ደፍታ እንደገና ልትሞላ አትችልም። ገንዘቡስ ይገኝ ይሆናል፤ የሰው ዓይን ግን አለ።

ማክሰኞ ጠዋት የጨዉ ከረጢት ሲፈታ አያ ወልደ ማርያም ከወንበራቸው ተነሡ።

"ጨው? ልጄ፣ ዓሣ ልታረቢ ነው ወይስ በሬ ልታደልቢ?"

"መሣሪያው ነው የጠየቀው፣ አያ ወልዴ።"

"መሣሪያ ምን ያውቃል? እኔ ውኃን አውቀዋለሁ!"

ጨዉ ከሟሟ በኋላ ጣታቸውን ነክረው ላሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ቆዩና "አምስት ኪሎ ይቀረዋል" ብለው ፈረዱ። የፋርማሲው ኢሀብ፣ ካርቱም የተወለደ የጎንደሬ ልጅ፣ እየሳቀ የመሣሪያውን ቁጥር አየ። ጨው አንሷል ይላል። አምስት ኪሎ ሲጨመር ቀዩ መብራት ወደ አረንጓዴ ተለወጠ።

"አጂብ!" አለ ኢሀብ። "ከዛሬ ጀምሮ ሊቀ ውኃ ነዎት።"

ሹመቱን ያለ ምንም ማንገራገር ተቀበሉ። እስከ ከሰዓት ድረስም ጨው እንዲገባበት የመከሯት እሳቸው መሆናቸውን መንደሩ ሁሉ ሰማ።

ቢበቃቸው ምን ነበረበት! ናጂያ የከሰዓቱን የዐስር ሶላቷን ስትሰግድ፣ ሊቀ ውኃ ከኪሳቸው የተወቀጠ የሽፈራው ፍሬ አውጥተው ገንዳው ውስጥ በዱላቸው አማሰሉ። ረቡዕ ጠዋት ናጂያ ስትነሣ ውኃው አረፋ ደፍቋል፤ መልኩም የአደንጓሬ ቅጠል መስሏል።

"አያ ወልዴ! ምን ጨመሩበት?"

"መድኃኒት ነዋ። በሽፈራው ስንቱን የኩሬ ውኃ አጥርቼ መቶ ሃምሳ ሰው አጠጥቻለሁ።"

"ያኺ፣ ያ በማግስቱ ተጠጥቶ የሚያልቅ ውኃ ነው!" አለ ኢሀብ ራሱን ይዞ። "ይሄ እዚሁ የሚቆም ነው። ለአረንጓዴው አልጌ ምግብ ሰጡት፣ በላና አደገ!"

ናጂያ ጣቷን ወደ በሩ ዘረጋች። "እስከ ዓርብ ድረስ እግርዎ ይህን ግቢ እንዳይረግጥ!"

ሊቀ ውኃ ወንበራቸውን ተሸክመው ወጡ፤ ከመንገዱ ማዶ ካለው ልብስ ሰፊ ደጃፍ ላይም፣ ልክ ጓሮውን በበሩ በኩል ማየት ከሚቻልበት ቦታ፣ ተከሉት። ከዚያ ወዲያ ምክሩ በጩኸት ይመጣ ጀመር። "ናጂያ! ማጣሪያውን እጠቢው!" ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ማጣሪያውን ግን አጠበችው።

ሐሙስም ውኃው አረንጓዴ እንደሆነ ነው። ኢሀብ የመመርመሪያ ወረቀቱን ነክሮ አወጣ። "ኮምጣጣነቱን የሚለካው ፒኤች እንደ ትናንቱ ልክ ነው፣ ክሎሪንም አለ። ወላሂ መጥራት ነበረበት።"

ናጂያ የገንዳውን ጠርዝ ተደገፈች። ነገ ዓርብ ነው።

"ወረቀቱ ትናንትም ዛሬም አንድ ቀለም ካሳየ" የሚል ድምፅ ከማዶ መጣ፣ "እሱ ውኃውን አላየም! ከርከዴ ጠብ አድርጊበት!"

"አሁን ደግሞ ከርከዴ!"

"በአንዱ ብርጭቆ የገንዳውን ቅጂ፣ በሌላው የታሸገውን ውኃ። እርሻ ላይ ከርከዴውን ሰማያዊ የሚያደርግ ጉድጓድ ነበረን፤ ሳሙና አረፋ አያወጣበትም፣ ድስቱንም ነጭ ያለብሰዋል። ኩራተኛ ውኃ ነው፣ ኮምጣጣ ነገር ካላበረደው አይታዘዝም!"

ሌላ የሚሞከር አልነበራትም። ጠብ አደረገች። በታሸገው ውኃ ከርከዴው ወይን ጠጅ መሰለ፤ በገንዳው ውኃ ግን ወደ ሰማያዊ ዞረ።

ኢሀብ ሁለቱን ብርጭቆዎች ትክ ብሎ አየ። ከካርቱም ሲሸሽ ወረቀቶቹ ሦስት ቀን በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ በፀሐይ እንደተጠበሱ ያን ጊዜ ትዝ አለው። "ፒኤቹ ከፍ ብሏል፤ ውኃው ኮምጣጣነት አንሶታል። ለዚህ ነው ክሎሪኑ እያለ ጉልበት ያጣው!" ጓንት አጠለቀ፤ ለሸክላ ወለል ማጽጃ የሚሸጠውን አሲድ በትንሽ በትንሹ እየለካ ጨመረ፤ ማጣሪያው ውኃውን እስኪያዞረው ደግሞ ጠበቀ። ናጂያ በየጊዜው አዲስ ብርጭቆ ትቀዳለች። በስድስተኛው ሁለቱ ብርጭቆዎች መንታ መሰሉ።

"መሰሉ?" አለ ማዶው።

"መሰሉ!" አለች ናጂያ። ለሁለት ቀን እንዳኮረፈቻቸው ረስታ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ውኃው ጠርቶ የገንዳው ወለል ስፌት አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ልጆቹ እየጮኹ ገቡ። ከማዶ ግን የተነሣ ሰው የለም፤ ሊቀ ውኃ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ናጂያ መንገዱን ተሻግራ ወንበራቸውን አነሣች።

"ይነሡ እንጂ። ዓርብ እኮ ደረሰ።"

"'እስከ ዓርብ' ስትዪ ዓርብን ጨምረሽ መስሎኝ" አሉ።

ከገንዳው አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ልጆቹ "ግቡ! ግቡ!" እያሉ ውኃ ሲረጩባቸው እግራቸውን ሰበሰቡ።

"ውኃን አውቀዋለሁ ሲሉ አልነበር?" አለ ኢሀብ።

"ስለማውቀው ነው የማልገባው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።" ወደ እናቶቹ ዞር ብለውም ቀጠሉ፤ "ያጠራው እንግዲህ ሽፈራው ነው። ሥራው ዝግ ይላል እንጂ አይቀርም።"

ሊቀ ውኃ ጣታቸውን ነክረው ላሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ሁለት ኪሎ ይቀረዋል።"

መሣሪያው ከናጂያ ክንድ አጠገብ ነበር፤ ዘወር ብትል ቁጥሩን ታየዋለች። አላየችውም። ጨው ልታመጣ ገባች።