ሽሽት ያወቀ አሠልጣኝ

አብዛኛው አለቃ ጫማው ጠበበኝ ሲሉት እግርህን አሳጥር የሚል ነው። የተለየ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚሁ ቶሮንቶ አንድ የኮሌጅ አሠልጣኝ አየሁ።

የእህቴ ልጅ ዳዊት በዚያ ኮሌጅ ቡድን፣ በእጅ በሚጫወቱት ፉትቦል፣ ኳርተርባክ ነው። ሥራው ቆሞ ኳሱን ለጓደኞቹ መወርወር ነው አሉኝ። እሱ ግን እነዚያ ግንድ የሚያካክሉ ልጆች ሲመጡበት ኳሱን ታቅፎ ይሮጣል። ቡድኑ ሁለቴ ተሸነፈ፤ ቅዳሜም ከተሸነፈ ዳዊት ቦታውን ለሌላ ይለቃል ተባለ።

እኔን ያሳፈረኝ ሽንፈቱ አይደለም፣ ሩጫው ነው። ወንድ ልጅ ይሸሻል? ልምምድ ሜዳ ሄጄ አሠልጣኙን ያዝኩት።

«ይሄ ልጅ ይሸሻል፣ ገሥጸው በልልኝ» አልኩት አስተርጓሚዬን፣ ራሱን ዳዊትን።

«ጋሼ፣ ሽሽት አይደለም፤ ረን ማድረግ ነው» ብሎ እየሳቀ ተረጎመለት።

ፈረንጁ አልሳቀም። በእጁ የያዘውን የዕቅድ ወረቀት አየ፣ ልጁን አየ። ዓመት ሙሉ የደከመበትን የውርወራ ዕቅድ ሰርዞ ዳዊት የሚሮጥበትን መንገድ ይሥል ጀመር። እኔ ብሆን የምሰርዘው ልጁን ነበር።

ቅዳሜ ተጋጣሚዎቹ ውርወራ ሲጠብቁ ዳዊት በመሀላቸው ሾልኮ መጨረሻው መስመር ላይ ደርሶ ነጥብ አስቆጠረ። አሸነፉ፤ ቦታውም ጸናለት።

አጠገቤ የተቀመጠ አበሻ «ጋሼ፣ ማነው ይሄ ልጅ?» አለኝ።

«የእህቴ ልጅ ነው» አልኩት። «ሽሽት በዘራችን ነው።»