ደርሶ መልስ ቆርጦ ሽምግልና

ቅናሽ ሰውን የት እንደሚያደርሰው አይታወቅም። ጫማ ልገዛ ብሎ ወጥቶ፣ ቅናሽ ስላለ ብቻ ጃንጥላ ይዞ የሚገባ ሰው ታውቃላችሁ፤ ምናልባትም ራሳችሁ ናችሁ። የእኔ አመል ግን ጫማም ጃንጥላም አይደለም። መንገድ ነው። አንድ ቦታ ለመድረስ ሦስት መንገድ አለ ካሉኝ ሦስቱንም ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም። የቱ አውቶቡስ ከየት ይነሳል፣ የት ወርዶ የቱ ላይ ይሳፈራል፣ ቀድሞ የቆረጠስ ምን ያተርፋል እያልኩ ሹፌሩንም ረዳቱንም ቲኬት ቆራጩንም ሳደርቅ ነው የምውለው። ባለቤቴ «አንተ የምትወደው መድረሱን አይደለም፣ መንገዱን ነው» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ሰው ከጎጃም አንስቶ ወልቂጤ የመደበው አለቃ ሳያውቅ ውለታ ውሎልኛል። ጊዜው ክልልና ዞን የሚባለው አደረጃጀት ገና ያልተለመደበት፣ ሞባይል የያዘ ሰው ደግሞ በጣት የሚቆጠርበት ነበር። ወልቂጤ የዞኑ መቀመጫ ናት፤ ቡታጅራም የዚያው ዞን ከተማ ናት። ካርታ ላይ ጎረቤት ናቸው። ነገር ግን የቡታጅራ ሰው ለአንዲት ፊርማ ወልቂጤ ሲመጣ አዲስ አበባ ገብቶ ይወጣ ነበር። ያን ካልፈለገ በሆሳዕና ይዞራል። ሦስተኛው መንገድ በተራራው ላይ በአገና በኩል የሚያልፈው ኮረኮንች ነው፤ አጭሩ እሱ ቢሆንም ስለ እሱ ስጠይቅ ሰዉ ሁሉ «እሱን ተወው» ይለኝ ነበር። ተወው ሲሉኝ ደግሞ ይብስብኛል።

አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጠው ጀማል ወንበሩን ሳብ አድርጎ ሽማግሌ ሁኑልኝ አለኝ። ሆሳዕና ሥልጠና ላይ ራህመት ከምትባል የቡታጅራ ልጅ ጋር ተዋውቋል። ተዋደዋል። አባቷ አቶ ሸምሱ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ መስቃን ውስጥ ማሳ፣ ቡታጅራ ከተማ ውስጥ ሱቅ አላቸው። ሴት ልጃቸው አንድ ናት። «እምቢ ካሉ እኔ እንጃ» አለ ጀማል። ሁልጊዜ የሚስቅ ልጅ ነው፤ ያን ቀን አልሳቀም። ዋናው ሽማግሌ የወልቂጤው ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ኑሪ፣ ተከታዩ እኔ ሆንን።

የጉዞው ነገር በእኔ ላይ ወደቀ፤ እሰይ አልኩ። የአውቶቡስ ባለንብረቶቹ በዚያ ሰሞን ከሳምንት በፊት ደርሶ መልስ ለሚቆርጥ ሰው ቅናሽ ጀምረው ነበር፤ ቅዳሜ የሚሄድ፣ እሁድ ስድስት ሰዓት ከቡታጅራ የሚመለስ። ከወልቂጤ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ቡታጅራ፣ ሁለቱም ተያይዘው በቅናሽ። ለእኔ እንዲህ ያለ ነገር ዓመት በዓል ነው። አራቱንም ጉዞ ቆርጬ ቲኬቶቹን ኪሴ ውስጥ ሳስገባ ጀማልን የዳርኩት ነው የመሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሳን። አዲስ አበባ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ዓለም ገና ላይ ሐጂ ኑሪ በመስኮት አሻግረው አዩና «ተሾመ፣ ያ የቡታጅራ መንገድ አይደለም?» አሉኝ። ነው አልኳቸው። «ታዲያ ለምን አንወርድም?» ቅናሹ ከመናኸሪያ እስከ መናኸሪያ ስለሆነ እዚህ ከወረድን ቲኬቱ እንደሚቃጠል አስረዳኋቸው። ሙስበሃቸውን መቁጠር ጀመሩ። አዲስ አበባ ገባን፣ ግፊያውን ቀመስን፣ ሌላ አውቶቡስ ጠበቅን፣ ተሳፈርን፣ በመጣንበት ተመለስን። አውቶቡሱ ዓለም ገና ላይ ሲታጠፍ ሐጂ «ይህችን ቦታ የማውቃት ይመስለኛል» አሉ። ከዚያ ቡታጅራ እስክንገባ አላናገሩኝም።

እዚያው አድረን እሁድ ጠዋት አቶ ሸምሱ ቤት ደረስን። አሰላሙ አለይኩም፣ ወአለይኩም ሰላም፣ ከብቱ ደህና፣ ቤቱ ደህና ተባባልን። ክትፎና ቆጮ ቀረበ። ሽማግሌ መልስ ሳይሰማ አይቀምስምና ቅቤው ዓይናችን እያየ ይረጋ ጀመር። ሐጂ ኑሪ «ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው» አሉ።

«ልጁን አልነቅፍም፤ ደህና ልጅ ነው ብለውኛል» አሉ አቶ ሸምሱ። «እኔን የያዘኝ ወልቂጤ ነው። የራህመትን እናት ያን ተራራ አሻግሬ ያመጣኋት ከአገና ነው። ዘመኑ መኪና አልነበረውም። አማቴ ታመው መርዶው እዚህ ሲደርስ ተቀብረው ነበር። ስንት ዓመቱ፤ እስከ ዛሬ ዝናብ ሲዘንብ ወደዚያ እያየች ትቆማለች። እኔ ልጄን ተራራ ማዶ ሰድጄ እናቲቱን ሁለተኛ አላስለቅስም።»

ዝም ማለት ነበረብኝ። እናንተም አሁን «ዝም በል» እያላችሁኝ ነው። እኔ ግን ስለ መንገድ ሲነሳ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። ወልቂጤ ሩቅ እንዳልሆነ ላስረዳቸው ሦስቱንም መንገድ በየተራ ዘረዘርኩላቸው፤ በአዲስ አበባ ይህን ያህል፣ በሆሳዕና ያን ያህል እያልኩ። ሰውየው በትዕግሥት ሰምተው «ቅርብ አገር ሦስት መንገድ ምን ያደርግለታል?» አሉ። እዚያ ላይ እንኳ ባቆም ደግ ነበር። ኪሴ ገባሁና የመመለሻ ቲኬቶቹን አውጥቼ «ይኸው፣ ዛሬ ስድስት ሰዓት ከዚህ ተነስተን ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ወልቂጤ ነን፤ ያውም በቅናሽ» አልኳቸው።

አቶ ሸምሱ ቲኬቱን ተቀብለው አነበቡት። ገለበጡት። መልሰው ሰጡኝ።

«ከሳምንት በፊት ነው የተቆረጠው» አሉ ረጋ ብለው። «እኛ ሳንመካከር የእናንተ መሄጃ ሰዓት ታውቋል ማለት ነው። እንኪያስ ምን አደከማችሁ?»

በሕይወቴ ብዙ ቲኬት ቆርጫለሁ፤ ሽማግሌ ግን የመመለሻ ሰዓቱን ከቤቱ ቆርጦ እንደማይነሳ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሂድ ሲሉት የሚሄድ፣ ቆይ ሲሉት የሚቆይ ሰው ነው እኮ ሽማግሌ የሚባለው። ሐጂ ኑሪ ዞር ብለው አላዩኝም፤ ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር። ወልቂጤ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀን ጀማል ፊቱ ድቅን አለብኝ። ልጁን በቅናሽ ቲኬት አስከለከልኩት።

ከጓዳ መጋረጃው ጀርባ የሴት ድምፅ ተሰማ። «የአገና ገበያ ቀኑ ያው ነው ወይስ ተቀይሯል?»

የራህመት እናት ወይዘሮ ዘይነባ ናቸው። የተጠየቀው ማን እንደሆነ አልታወቀም። ሐጂ ኑሪ ያው እንደሆነ ነገሯቸው። «መኪና በተራራው ጀመረ የሚሉትስ እውነት ነው?» ይባላል አሉ ሐጂ፤ አይሱዙ ይወጣል አሉ። ከዚያ ሴትየዋ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው «ልጄ ከወልቂጤ ብትመጣ፣ እኔ ከዚህ ብወጣ፣ አገና ላይ እንገናኛለን። እህቴም እዚያው ናት» አሉ።

ይታያችሁ። እኔ አገናን ስንት ጊዜ በወረቀት ላይ አልፌባታለሁ። ለእኔ መኪና የሚቀየርባት ቦታ ነበረች፤ ሰው እሷኑ ብሎ ተነስቶ ሊሄድ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አቶ ሸምሱ ሚስታቸው ያሉበትን አቅጣጫ ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። «ተመካክረን እንነግራችኋለን» አሉ። «እስከዚያው ግን በተራራው ነው የምትመለሱት። ለእህቷ አንድ ኩንታል በርበሬ አለችኝ፤ ታደርሱልኛላችሁ። መንገዱ ሰው ያስኬድ እንደሆነ ደግሞ ወሬውን ትልኩልኛላችሁ።» ስድስት ሰዓት ሆነ። አውቶቡሱ ቅናሼን ይዞ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት በአይሱዙ፣ በርበሬው ላይ ተቀምጠን ወጣን። ጉም ነበር፣ ብርድ ነበር፣ ሁለት ቦታ ወርደን ገፍተናል። እኔ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፤ ስንት ዓመት ተወው ሲሉኝ የኖሩት መንገድ ነው። እያስነጠስኩ ሹፌሩን በጥያቄ አደረቅሁት። ሐጂ ኑሪም አስፋልት ላይ የነፈጉኝን ጨዋታ ኮረኮንቹ ላይ ለቀቁት።

አገና ላይ እህትየዋን ቤታቸው አገኘናቸው። በርበሬውን ሳያዩ ከኋላችን አሻግረው አዩ፤ ማንም አልነበረም። «በርበሬ እዚህም አለ» አሉ። «የጠፋችብኝ እሷ ናት።» ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ያዙ። እኔም ስለ መንገዱ ምንም አልጠየቅሁም። ሐጂ ኑሪ ወደ ቡታጅራ የሚመለሰውን ሹፌር ጠርተው «መንገዱ ይነቀንቃል እንጂ ያደርሳል በላቸው» አሉት።

በሁለተኛው ቀጠሮ ክትፎውን በላን። በወር አንድ የገበያ ቀን ጀማል ራህመትን አገና ሊሰድ ቃል ገባ። ዱዓው ሲደረግ እኔም አሜን አልኩ፤ ሠርጉም ሆነ።

ከዓመት በኋላ ይመስለኛል፣ በሥራ ጉዳይ በአገና ሳልፍ ገበያ ቆሞ ነበር። ከቆጮ ሻጮቹ አጠገብ ሦስት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ወይዘሮ ዘይነባ፣ እህታቸውና ራህመት። የሚሸጡት ነገር የለም። የገዙትም አላየሁም። ሦስቱም እኩል ነው የሚያወሩት፣ ማን እንደሚሰማ እንጃ። ሰላም ልል ጠጋ አልኩ። ወይዘሮ ዘይነባ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉት።

«ጋሽ ተሾመ፣ ዛሬም የመመለሻ ቲኬት ይዘዋል?»

አልያዝኩም አልኳቸው።

«እንግዲያ ይቀመጡ» ብለው ጠጋ አሉልኝ።

የቢሮው መኪና ማዶ ቆሞ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ። ተቀመጥኩ።