የእኔ መስታወት፣ የእሱ ዓሦች

ሰው ዓሣ ሲያይ ለምን አፉን እንደሚከፍት የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ዓሣው ይከፍታል፤ እሺ፣ ለመተንፈስ ነው። ሰውዬውስ? ይህን ነገር ሱቄ በር ላይ ቆሜ ስንት ጊዜ ተመልክቼዋለሁ! ፍኖተ ሰላም፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ መስታወት ቤት አለኝ። የመስኮት መስታወት እቆርጣለሁ፣ ለሠርግ ፎቶና ለቅዱሳን ሥዕል ፍሬም እሠራለሁ። ከመንገዱ ማዶ የቢያድግልኝ ሆቴል አለ። ዓሦቹ ያሉት እሱ ዘንድ ነው፤ አፍ የሚከፈተውም እዚያው ነው።

ቢያድግልኝ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሮኝ የተማረ፣ ደግ ሰው ነው። ደግነቱ ራሱ ያናድደኛል። ክፉ ቢሆን ኖሮ እኮ በሰበብ እጠላው ነበር። አሁን ግን ያለ ምንም ሰበብ ቁጭ ብዬ እቀናለሁ።

ዓሦቹ ከመምጣታቸው በፊት የቅዳሜ ገበያተኛ የሚቆመው እኔ በር ላይ ነበር። አንድ ቁመት ሙሉ የሚያሳይ ወፍራም መስታወት ነበረኝ። ለሽያጭ አይደለም፣ ለማሳያ ነው። ሰው እህሉን ሸጦ ሲመለስ ፊቱ ቆሞ ጋቢውን ያስተካክላል፤ ሴቶች ነጠላቸውን ያሳምራሉ። አንዳንዱ ፍሬም ይገዛል፤ አብዛኛው ራሱን አይቶ ይሄዳል። ግድ አልነበረኝም። ሰው የሚቆምበት በር ያለው ሰው ምን እንደሚሰማው ታውቃላችሁ? እኔ አውቀው ነበር።

ከዚያ ቢያድግልኝ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ በአይሱዙ የዓሣ ገንዳ ጭኖ መጣ። በአራቱም በኩል መስታወት የሆነ፣ ሰው ጋደም ሊልበት የሚችል ትልቅ ገንዳ! ከአዳራሹ መሀል፣ ሻይ ቤቱንና የውስጡን ክፍል እንዲለይ አድርጎ ገተረው። መብራት አበራበት፣ ቀያይ ዓሦች ለቀቀበት። ባሕር ዳሮች ዓሣ ይበላሉ፣ እኛ እናያለን እየተባለ ተቀለደ። ቅዳሜ ሲመጣ ገበያተኛው መስታወቴን አልፎ መንገዱን ተሻገረ። ሚስቴ የሺ እንኳ ሽንኩርት ልግዛ ብላ ትወጣና እዚያ ታመሻለች።

በዚያው ሰሞን ወረዳው ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ቢያድግልኝ ልማታዊ ባለሀብት ተብሎ ተጨበጨበለት። እኔ የተመዘገብሁት በጥቃቅንና አነስተኛ ነው። ያን ቀን እያጨበጨብሁ ምን ያህል ጥቃቅን እንደሆንሁ ገባኝ።

ታዲያ በፍልሰታ፣ በአንድ ቅዳሜ ነው ነገሩ የሆነው። ከቡሬ በኩል የመጣ አንድ ገበሬ ዓሣው ከፊት ካማረ ከኋላስ ምን ይመስላል ብሎ በውስጡ ክፍል በኩል ዞሮ ኖሯል። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ቁጢጥ ብሎ ያያል። በዚህ መሀል መሪጌታ ገቡ። አዎ፣ መሪጌታ! እኔ በር ላይ አንድ ቀን ቆመው የማያውቁት ሰውዬ ዓሣ ሊያዩ መጡ። ቤቱ በሙሉ “ኖር!” ብሎ ብድግ አለ። ገበሬውም ብድግ አለና ወደ እሳቸው ዞረ። ዱላውም አብሮት ዞረ።

የመስታወት ስብራት ድምፅ ከመንገድ ማዶ ሰማሁ። ልቤ ደስ አለው። ዋሽቼ ምን ላተርፍ? ለመርዳት ነው ብዬ ሮጥሁ፤ ለማየት ነበር።

የኋላው መስታወት እንዳለ ረግፏል። ውሃው በጠረጴዛዎቹ ሥር ይፈሳል፣ ሰው በነጠላና በባርኔጣ ዓሣ ይለቅማል። ጾም ስለነበር በምኞት እንኳ የነካቸው የለም። መሪጌታ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው፣ “ውሃውም ኖር አለኝ እንዴ?” ይላሉ። ገበሬው ከቢያድግልኝ እግር ሥር ሊወድቅ ደርሷል።

“ይማሩኝ፣ ጌታዬ! ለመሪጌታ ብነሳ ነው እንጂ እኔ ከዓሣ ምን ጠብ አለኝ!”

ቢያድግልኝ ሳቀና አነሳው። አያችሁ ደግነቱን? ከዚያ ዓሦቹን በልብስ ማጠቢያ ሳፋ አስገብቶ ወደ እኔ ዞረ።

“ሙሉዬ፣ በሞቴ! ባሕር ዳር ደርሼ መስታወት እስካመጣ ያልቁብኛል። አንተ እያለህ ሌላ ማን ዘንድ እሄዳለሁ?”

ሱቄ ያለው የመስኮት መስታወት ስስ ነው። ያን ሁሉ ውሃ አይችልም፤ ገፍቶ ይሰብረዋል። ስሱን ላስገባለትና ይፈንዳ ብዬ አላሰብሁም አልልም። ግን ሲፈነዳ የማን መስታወት ፈነዳ ሊባል ነው? ወፍራም መስታወት ከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ በሬ ላይ የቆመው።

እዚህ ላይ ቅናቴ አንድ ብልሃት አመጣችልኝ። ሰው ራሱን ካየ ሌላ ነገር እንደማያይ በሬ ላይ ስንት ዓመት አይቻለሁ። ከኋላው የሠርግ መኪና እየጮኸ ቢያልፍ ዞር አይልም። ከዓሦቹ ጀርባ ይህን መስታወት ብተክልስ? ሰው ጋቢውን ያስተካክላል፣ ዓሦቹ ይረሳሉ። ሌላ አልፈለግሁም፤ ይረሱልኝ ብቻ።

መስታወቴን በልኩ ቆረጥሁት። ብር የተቀባው ጀርባው ወደ ውጭ፣ ፊቱ ወደ ውሃው። የድሮውን ማጣበቂያ ሲሊኮን በምላጭ ፋቅሁ፣ ጠርዙን በንጹሕ አረቄ ወለወልሁ፣ አዲሱን ሲሊኮን ትንፋሼን ይዤ አሰመርሁ። በቢራ ሳጥን ደግፌ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ቢያድግልኝ ውሃ እንሙላ ሲለኝ ተቆጣሁት። ለምወደው ሰው ብሠራ ኖሮ እንዲህ አልጠነቀቅም ነበር። አንዲት ጠብታ ብታመልጥ ሰው ዓሣውን ትቶ እኔን ነዋ የሚያየው!

ውሃው ሞላ፤ ዓሦቹ ገቡ፤ መብራቱ በራ። ቤቱ በሙሉ እልል አለ። ዓሦቹ እጥፍ ሆነዋል! ገንዳው ወደ ኋላ ጣና ድረስ የሚዘልቅ ይመስላል። ቅዳሜ ገበያው ተገልብጦ ገባ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ያሳምራሉ፣ ቀይ ዓሣ በትከሻቸው ላይ ያልፋል። ያ የቡሬ ገበሬ ዱላውን በር ላይ አስቀምጦ ሚስቱን ይዞ መጣ። ሙሽሮች እዚያ ፎቶ ይነሳሉ፤ ፍሬም አስገባልን ብለው የሚያመጡልኝ ፎቶ ሁሉ ዓሣ አለበት። ቢያድግልኝ ደግሞ ላገኘው ሰው ሁሉ ሙሉዓለም ነው እጥፍ ያደረገልኝ ይላል።

ሌላ መስታወት በርህ ላይ አትተክልም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ተክያለሁ። ማንም አልቆመበትም። ዓሣ የለውማ!

ቅናት ሥራ ያበላሻል ሲሏችሁ አትመኑ። እንዲያውም ጥሩ ሥራ ከፈለጋችሁ የሚቀናባችሁን ሰው ቅጠሩ።

ባለፈው የዘመድ ሠርግ ነበረብኝና ከረባቴን ለማየት መንገዱን ተሻገርሁ። ሻይ አዝዤ በገዛ መስታወቴ ፊት ቆምሁ። አንድ ቀይ ዓሣ ከጆሮዬ አጠገብ መጥቶ አፉን ከፈተ። ቀና ብዬ ራሴን ሳየው የእኔም አፍ ተከፍቷል። ቢያድግልኝ ከኋላዬ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ፣ “ሌላ ሻይ ልጨምርልህ፣ ሙሉዬ?” አለኝ።

ጫማዬን የማስር መስዬ ጎንበስ አልሁና የገንዳውን ሥር በእጄ ዳበስሁት። ምናልባት ያፈስ እንደሆነ ብዬ።

ደረቅ ነው።