ለአመድ የተሰጠ ምርቃት

እኔ ገበያ ወጥቼ ሳይመረቅልኝ ተመልሼ አላውቅም። ጤፍም ይሁን በርበሬ፣ ተሰፍሮ ካለቀ በኋላ አንድ እፍኝ ካልተጨመረልኝ ምኑን ገዛሁት? እኔም ስሰጥ እንደዚያው ነኝ። አመሌ ነው።

ልጄ ማስተዋል እዚሁ ማርቆስ የሙያ ኮሌጅ ገብታ ሸክላ ትማራለች። ጎረቤቴ «ጭቃ ለማቡካት ደግሞ ኮሌጅ?» ብላ ብታሽሟጥጥ፣ አዳምስ ከምን ተሠራ ብዬ ዝም አሰኘኋት።

የማስተዋል ስኒ ታዲያ እንደ ገበያው ሸክላ አይደለም፤ ላዩ እንደ ጠርሙስ ያብረቀርቃል። የተፈጨ ነጭ ድንጋይ በውሃ በጥብጠው ይቀቡታል አሉ። ድንጋይ ግን ግትር ነው፤ ብቻውን እቶን ቢገባ የእነሱ እሳት አያቀልጠውም። አመድ ሲገባበት ነው እሺ የሚለው። ገባኝ። አመዱ ሽማግሌ ነው፤ ልጄን አልድርም ያለን አባት የሚያለዝብ። ጭቃው ውስጥም እንዲህ ያለ ሽማግሌ አለ፤ ቀልጦ አፈሩን እርስ በርስ ያያይዘዋል፤ ከበዛ ግን ስኒው እሳት ውስጥ ይጎብጣል አለችኝ። ይህን እየሰማሁ ነው እንግዲህ ያጠፋሁት።

ለምዘናዋ ሦስት ስኒ ሠራች። እቶኑ የሚደርሳት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ካልሆነላት ዓመቱን ትደግማለች። የባሕር ዛፍ አመድ ከምድጃዬ ወስዳ፣ ነፍታ፣ በሚዛን ለክታ ጓዳ አስቀመጠችው። አየሁት። አነሰብኝ። የልጄ ነገር ሳይመረቅበት ይሂድ? በስመ አብ ብዬ ሁለት እፍኝ ጨመርኩበት።

እቶኑ ሲከፈት የሁለቱ ስኒ ቅብ እንደ ማር ወርዶ ከመደርደሪያው ጋር አጣብቋቸዋል። ሽማግሌ ሲበዛ ሙሽራዋን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ይድራል ለካ። ሦስተኛው፣ በሩ አጠገብ የነበረው፣ መስተዋት መስሎ ወጥቷል። ያው ቅብ፣ ያው እቶን! መምህራኑ ምክንያቱን አስረጂ ይሏታል፤ ካላስረዳች አታልፍም። ቤት መጥታ ደብተሯን ዘርግታ ትደምራለች፣ ትሰርዛለች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«ስህተቴ የት እንደሆነ አጣሁት» አለች።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ግን ውዳሴ ማርያም በእጅ ይዞ?

«ደብተርሽን ዝጊው ልጄ። እኔ ነኝ፤ መርቄበት ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አመድ ይመረቃል እንዴ እማዬ?»

ወዲያው ግን እስክሪብቶዋን አነሳች። በሩ አጠገብ እሳቱ ደካማ ነው፤ በእሷ ልክ ቢሆን ኖሮ እዚያ ያለው ስኒ ሳይቀልጥ ይቀር ነበር። ለደካማው እሳት የእኔ ትርፍ አገዘው፤ ብርቱው እሳት ዘንድ ግን በዛ። ይህንኑ ሄዳ ለመምህራኑ አስረዳች፤ አለፈች።

ልክን ማወቅ ደግ ነው ብዬ ልመክራችሁ ነበር። ግን ይዛ የቀረበችው የትኛውን ስኒ ነው? አሁን አመዷን ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት ነው የምትሄደው። አልተቀየምኳትም፤ ቁልፉን የት እንደምታስቀምጥ አውቃለሁ።