የማክሰኞ ጾም

ወተት የማይወድ ሰው አይገባኝም። ይህን የምለው አንድ ጊዜ እኔው ራሴ ወተት ጠሊ ተብዬ ስለተቆጠርኩ ነው። ጠልቼስ አልነበረም። ለወተት ያለኝን ፍቅር እናቴ ብትጠየቅ ትመሰክር ነበር፣ ነፍሷን ይማር።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት ነው። ያኔ አዳማ ማለት የባቡር ጣቢያው፣ ጥቂት ሱቆችና ቀሪው ግራር ነበር። እኔ ከቡልጋ የመጣሁ ወጣት ዲያቆን ነኝ። ዲቁና ብቻውን ሆድ ስለማይሞላ ለአንድ የቆዳ ነጋዴ ተቀጠርኩ። በበቅሎ ቡልቡላ ድረስ እየወረድኩ ቆዳ ሰብስቤ ለባቡሩ አደርሳለሁ። የነፍስ አባቴ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ቆዳውን ስትሰበስብ እግረ መንገድህን ነፍስም ሰብስብ አሉኝ። እሺ አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ምን የሚከብድ ነገር አለ?

መጀመሪያ የገባሁት ኦቦ ቱፋ ቤት ነው። አገሩ የሚያከብራቸው ከብት አርቢ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛውን ከገበያ ለምደውታል። ሰላምታቸው ግን ችኮላ አያውቅም። ነጋዳ? ሰላም ነው? ከብቱ ደህና? ልጆቹ? ሣሩ? ዝናቡስ? በቅሎዬ እንኳ ሳትቀር ደህንነቷ ተጠየቀ። እኔ ደግሞ ስብከቴ አፌ ላይ ደርሶ ይገፋኛል።

ከዚያ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ በወይራ የታጠነ ጮጮ ይዘው መጡ። ያን ሽታ ምን ብዬ ልንገራችሁ? ወተቱ ገና ሳይቀዳ ነፍሴ ተሻግራ ጮጮው ውስጥ ገባች። ቀኑ ግን ዓርብ ነው! እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አልጠጣም አልኩ።

አዴ ጫልቱ ጮጮውን መልሰው ወሰዱ። ኋላ ነው የገባኝ። በእነሱ ወግ ወተት የመለሰ እንግዳ ሰላም ይዞ አልመጣም፤ በሆዱ ቂም አለ። እኔ ይህን ሳላውቅ ስለ ፍቅር መስበክ ጀመርኩ። እስቲ አስቡት፣ የሰው ወተት ገፍቼ ጠላትህን ውደድ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ነው።

ኦቦ ቱፋ አንዲት ቃል ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። ጌታህ ሰው ቤት ሲገባ የቀረበለትን ይበላ ነበር? አሉ። አዎ፣ ከቀራጩም ከኃጢአተኛውም ጋር ይበላ ነበር አልኳቸው። ታዲያ አንተ የማን ነህ? አሉኝ።

በበቅሎዬ ወደ አዳማ ስመለስ ጥያቄያቸው አብሮኝ ጋለበ። መንገድ ላይ አንድ ሐሳብ ያዘኝ። ያን ወተት ካልጠጣሁ ከእኚህ ሰውዬ ጋር ሰላም የለንም። ስብከቱም ሁሉ ከንቱ ነው።

ደግሞ ሄድኩ። ነጋዴው የላከኝ ግን በጾመ ነቢያት ነው። ሦስተኛው ጉዞዬ ዐቢይ ጾም ላይ ወደቀ። የእኛ የቀን አቆጣጠር ዘመድ ለመጠየቅ የተሠራ አይደለም መቼም። በዚህኛው ጊዜ ግን ድፍረት አግኝቼ እውነቱን ተናገርኩ። ወተትዎን ንቄ አይደለም፣ ጾም ይዞኝ ነው፤ ወተቱንማ ሌሊት በሕልሜ እጠጣዋለሁ አልኳቸው። ኦቦ ቱፋ ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ከዚያ ሳቃቸውን ቆረጡና ታዲያ ብቻህን ነው የምትራበው? አሉ። አዎ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። በእኛ ቤት እንግዳ ብቻውን አይበላም፣ ብቻውን አይራብም አሉ። እኔ ነገሩን እንደ ጨዋታ ሰምቼ አለፍኩት።

ፋሲካ መጣ። በዓለ ሃምሳ ገባ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ መጾም ክልክል ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። ነጋዴውን ለምኜ፣ ለጥንቃቄ ደግሞ በማክሰኞ ቀን ደረስኩ። መንገዱን ሁሉ ጉሮሮዬ ወተት ወተት ሲል ነበር የመጣው።

ሰላምታው እንደ ወትሮው ረዘመ። እኔም ረጋ ብዬ ዝናቡንም ሣሩንም ጠየቅሁ፤ ተምሬያለሁ። ከዚያ አዴ ጫልቱ መጡ። በእጃቸው ጮጮ የለም። አንድ ሰፌድ የገብስ ቆሎ!

ኦቦ ቱፋ ፊታቸው በራ። ጿሚ የሚበላውን ነጋዴዎች ጠይቀው፣ ገብሱን ከደጋ አስመጥተው፣ የእኔን መምጣት ሲጠብቁ ኖረዋል። ከእንግዲህ አንተ እዚህ ስትሆን በዚህ ቤት ወተት የሚቀምስ የለም፣ ዛሬ አብረንህ ነን አሉኝ። ጮጮዎቹ ሁሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። የልጅ ልጆቻቸው ሳይቀሩ ቆሎ ይዘው ቁጭ ብለዋል። እሳቸውማ በአፋቸው የቀሩት ጥርሶች ሦስት ወይ አራት ናቸው፤ አንዷን ፍሬ ወዲያ ወዲህ እያሉ ሲያሳድዷት ትዝ ይለኛል።

ምን ልበል? ኧረ ዛሬ ጾም የለም ብል ደስታቸውን ማፍረስ ነው። ዝም ብል ውሸት ነው። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባል የለ? ፊታቸውን አየሁና ከሰፌዱ ዘገንኩ። ቆረጠምኩ።

አሁን ስለ ጌታህ ንገረኝ አሉኝ። አፌ ቆሎ ሞልቶታል ብዬ አመካኘሁና ሌላ እፍኝ ጨመርኩበት።

በዓመቱ ስመለስ ከብቱን ነድተው በአቅራቢያው ካለው ሐይቅ ማዶ ሄደዋል ተባልኩ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ሰውም ተበተነ። በሕይወት ይኑሩ ይሙቱ የነገረኝ የለም። ወተትማ አዳማ ሞልቷል፤ ጾም ባልሆነ ቀን ሁሉ እጠጣለሁ፣ ጥሜን ግን አይቆርጥልኝም። የእኚያ ሰውዬ ናፍቆት በወተት የሚቆረጥ አልሆነም።

ስለዚህ በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ አንዷን ማክሰኞ ወተት ሳልቀምስ ቆሎ ስቆረጥም እውላለሁ። ዘንድሮ ለአዲሱ የነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። የዋህ ወጣት ቄስ ናቸው፤ ደነገጡ። አባባ፣ በበዓለ ሃምሳ ጾም እንደሌለ ዲያቆን የነበሩ ሰው እንዴት ይስታሉ? ለመሆኑ ይህን ጾም ማን አስተማረዎት? አሉኝ።

አንድ ያልተጠመቁ ሽማግሌ ናቸው አልኳቸው።