ሰባት ውሃ ለአንድ ቡችላ

እኔ ውሻ አልወድም። አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። ጠላቴ ግን አይደለም። መንገድ ላይ ስንገናኝ እሱም ዳሩን ይዞ እኔም ዳሬን ይዤ እንተላለፋለን፤ ነገር የለንም። ነገር የመጣው ባለቤቴ ሰይድ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ካርቶን ታቅፎ የገባ ዕለት ነው።

ያኔ የምንኖረው ካርቱም፣ ማዮ ነበር። በጭቃ አጥር የተከበበ ግቢ፣ ሱዳኖች ሆሽ የሚሉት፣ ውስጡ አንድ ክፍል ተከራይተን። ሰይድ ጋራዥ ይሠራል። እኔ አል-ሳሃፋ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት እሠራለሁ፤ በጠዋት ወጥቼ ከቀትር በኋላ እመለሳለሁ። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉን። አሕመድ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ ጀማል ስድስት። ሁለቱም እዚያው ነው የተወለዱት። በአማርኛ ሳናግራቸው በዐረብኛ ይመልሱልኛል። በዐረብኛ ስቆጣቸው ደግሞ አነጋገሬ ያስቃቸዋል። እንግዲህ በምን ልቆጣቸው?

ካርቶኑን ሳይ ማንጎ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ሳህን ሁሉ አቀረብኩ። ልጆቹ ቀድመውኝ ከፈቱት። ከውስጡ ሁለት ጆሮ ብቅ አለ። ቡኒ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ቁመቱ ከሰይድ ጫማ አይበልጥም።

ይመለስ አልኩ። ሰይድ ገና አልተቀመጠም ነበር። እሱ ግን መልሱን መንገድ ላይ ሲያዘጋጅ ነው የመጣው። ሰፈሩን ሌባ ሞልቶታል፣ ባለፈው ሱሪዬ ከገመድ ላይ ተወስዷል፣ ዘበኛ ያስፈልገናል አለ። ይህን ሲል ዘበኛው እግሩ ላይ ሸናበት። ሌባ ቢመጣ ይህንን ራሱን ኪሱ ከትቶት ይሄዳል አልኩ። ማን ይስማኝ? ልጆቹ ስም አውጥተውለት ጨርሰዋል። ጃኪ ብለውታል።

እናንተ አሁን ምን አለበት፣ ቡችላ እኮ ነው ትሉ ይሆናል። እኔ ወሎ ገጠር ያደግኩ የሼህ ልጅ ነኝ። በእኛ ቤት ሰው ከውስጥ፣ ውሻ ከውጭ ነው። የውሻ ምላስ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ከሰባቱ አንዱ በአፈር ነው። አባቴ ያስተማሩን እንዲህ ነው። ልጅ ሆኜ የጎረቤት ውሻ የወተት ቅላችንን ላሰብን። አባቴ ወተቱን አስደፉና እኔና እህቴ ወንዝ ወርደን ቅል ስናጥብ ዋልን። ወደ ቤት ስንመለስ ቅሉ ከእኛ ይልቅ ንጹሕ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን የሐጃ ሰዕዲያ ነገር ነው። ሐጃ አከራያችን ናቸው። ከእሳቸው ሆሽ ወደ እኛ የምታስገባ ትንሽ በር አለች፤ ሳያንኳኩ ነው የሚገቡት። መካ ደርሰው የመጡ፣ የሙስበሃ መቁጠሪያ ከእጃቸው የማይለይ ሴትዮ ናቸው። ማዮ ውስጥ ለሐበሻ፣ ያውም ሁለት ወንድ ልጅ ላለው ሐበሻ፣ ቤት የሚያከራይ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። እሳቸው ብዙ ሳይጠይቁ ነው ያስገቡን። እናም አሰብኩ። እኛ የወሎ ሰዎች ውሻን እንዲህ የምንሸሽ ከሆነ፣ እዚህ ዐረብ አገር ያሉት ሐጃማ እንዴት ሊሆኑ ነው? ጃኪን ያዩት ቀን ዕቃችን መንገድ ላይ ነው።

ደግነቱ ሐጃ አልነበሩም። ልጃቸውን ሊያርሱ ገና ትናንት ጀዚራ ሄደዋል፤ አርባ ቀን ሳይሞላት አይመለሱም። ስለዚህ አርባ ቀን አለኝ ማለት ነው። በአርባ ቀን ውስጥ ይህ ውሻ ከዚህ ቤት ይወጣል ብዬ ቆረጥኩ። እኔ ደግሞ ከቆረጥኩ ቆረጥኩ ነው።

መጀመሪያ በጉልበት ሞከርኩ። ሰይድን ካርቶኑን አሸክሜ ወደ ጋራዡ ልሰደው ስል ጀማል ካርቶኑ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። እኔንም ውሰዱኝ አለ። አላለቀሰም፤ ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር። ምሳ ሲቀርብለት አልበላም አለ፤ እራትም አልበላም አለ። አንጀቴን በላው። በዚህ በኩል እንደማልችላቸው ገባኝ።

ስለዚህ በሌላ መጣሁ። ጥሩ፣ ይቆይ አልኩ፤ ግን ሕግ አለ። አንደኛ፣ ከክፍላችን ደጃፍ አያልፍም። ሁለተኛ፣ በላሳችሁ ቁጥር የላሰው ቦታ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር፤ እኔ ራሴ ቆሜ እቆጥራለሁ። ልጆቼን አውቃቸዋለሁ። መታጠብ ለእነሱ ቅጣት ነው። ለጁምዓ ገላቸውን ላጥባቸው አንዱን ስይዝ ሌላው አጥር ላይ ነው። ቡችላ ደግሞ ምላሱን አፉ ውስጥ አያስቀምጥም። በቀን አሥር ጊዜ ቢልሳቸው ሰባ ውሃ ነው። ሳምንት ሳይሞላቸው ራሳቸው ተሸክመው ይመልሱታል ብዬ በሆዴ ሳቅኩ።

እዚህ ላይ ስለ ውሃ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ሰፈር ቧንቧ የለም። ውሃ የሚመጣው በአህያ ጋሪ ነው። ሐሰን የሚባል ባለጋሪ በየጠዋቱ በርሜላችንን ይሞላልናል፤ እስከ ማግስቱ ያለን እሱ ነው። ስለዚህ በእኔ ቤት በውሃ መጫወት ትልቁ ጥፋት ነው። የካርቱም ሙቀት ዶሮዎቹን እንኳ አፋቸውን አስከፍቶ ያውላል፤ እኔ ግን አንድ ጆግ በከንቱ ያፈሰሰ ልጅ ጆሮውን ሳልይዝ አላልፍም። መታጠብ የሚጠላ ልጅ እንዴት በውሃ መጫወት ይወዳል አትበሉኝ። ልጅ ያሳደገ ሰው ሁለቱ ለየቅል መሆናቸውን ያውቃል።

አንደኛው ሳምንት አለፈ። አልሰለቻቸውም። ከሥራ ስገባ እጃቸውን ዘርግተው በር ላይ ይጠብቁኛል። ላሰን ይሉኛል። የት? እዚህ። ጀማል አንድ ቀን ብብቱን አሳየኝ። ብብት እንዴት ነው የሚላሰው? ብቻ ሳፋውን አቀርባለሁ፣ ጆጉን እይዛለሁ፣ እንቆጥራለን። በአማርኛ ካልቆጠራችሁ አልቀበልም አልኳቸው፤ ከደከምኩ አይቀር አንድ ነገር ላትርፍ ብዬ። ጀማል በአማርኛ ከሦስት በላይ አያውቅም ነበር፤ በሳምንቱ ሰባት ደረሰ። ስምንትን ግን እስከ ዛሬ ይጠራጠራታል።

በሁለተኛው ሳምንት በርሜሉ ሳይመሽ ያልቅ ጀመር። ባለጋሪው ሐሰን "ያ ኡም አሕመድ፣ ዑርስ አላችሁ እንዴ?" አለኝ፤ የአሕመድ እናት፣ ሠርግ አላችሁ እንዴ ማለቱ ነው። የለም፣ ውሻ ነው አልኩት። እኔን አየኝ፣ አህያውን አየ፣ ጋሪውን ነድቶ ሄደ። ወሬው የደረሳቸው የጎረቤት ልጆች ደግሞ ሊላሱ መጡ። አንድ ቀን ስገባ አምስት ልጅ ሸሚዙን አውልቆ ሆሹ ውስጥ ተሰልፎ አገኘሁ። እናንተን እናቶቻችሁ ይጠቧችሁ ብዬ አባረርኳቸው። ሰይድ አዘነልኝ መሰለኝ፣ በቃ ሦስት ጊዜ ይበቃቸዋል አለኝ። እንዴ! ሰባት ካልኩ ሰባት ነው። ወገቤ ተቆረጠ፣ አንድም አልቀነስኩም።

ታዲያ ልጆቹ እየጠሩ መጡ። አሕመድ አንገቱ ላይ ማርያም የሳመችው የሚባለው ዓይነት ምልክት አለው። ረስቼው ነበር፤ ከተወለደ ወዲህ እንደገና አየሁት። ትምህርት ቤት የንጽሕና ፍተሻ ተደርጎ ሁለቱም ከሰልፍ ፊት ወጥተው ተጨበጨበላቸው። የእኔ ልጆች! ዓምና በዚሁ ፍተሻ በጥፍራቸው ጉዳይ ከሰልፍ የተመለሱት ልጆች! መኩራቴን አልደብቃችሁም።

በመሀል ወባ ጣለኝ። ሰይድ ሥራ ነው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት። እያቃሰትኩ ዓይኔን ስገልጥ ጃኪ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ተመልሼ እተኛለሁ፤ ስነቃም እዚያው ነው። አንድ እግሩን እንኳ ወደ ውስጥ አላስገባም፤ ሕጌን ከልጆቼ የበለጠ ያከብራል። ወደድኩት አላልኩም። አልኩ እንዴ? ብቻ ሲሻለኝ ከሾርባዬ አስቀርቼ አወጣሁለት። አርባው ቀን ሊሞላ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ውሻውን ላስወጣ የቆረጥኩት ሴትዮ እንዴት አድርጌ ላስቀረው ብዬ ሳስብ ራሴን አገኘሁት።

ቆረጥኩ፤ አሁን በሌላ በኩል። ሐጃ ሲመጡ ሳልደብቅ እነግራቸዋለሁ። ቢያስወጡንም እውነቱን ተናግሬ ልውጣ። የምናገረውን በዐረብኛ እየደጋገምኩ ሳጠና ሰነበትኩ። ጥናቴን ግን አልጨረስኩትም፤ ሐጃ ሁለት ቀን ቀድመው መጡ። በሯ ብርግድ ስትል ልጆቹ አፈር በእጃቸው ይዘው "አራት!" እያሉ ነው። ጃኪ በመሀላቸው ጭራውን ይቆላል።

ሰላምታም አላስጨረስኳቸው።

"ሐጃ፣ በአላህ ይሁንብዎ አንዴ ይስሙኝ። ውሻ አለን። ግን ወላሂ በላሳቸው ቁጥር ሰባት ጊዜ ነው የማጥባቸው፣ አንዱን በአፈር። አንድም ቀን አልዘለልኩም። ክፍላችንም ገብቶ አያውቅም። እንዳያስወጡን" አልኩ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፍቶብኝ ግማሹን በአማርኛ ነው የተናገርኩት። ልጆቹ ነገሩ ሲገባቸው ጃኪን ታቅፈው ወደ አጥሩ ጥግ ሸሹ።

ሐጃ ሳፋውን አዩ። በርሜሉን አዩ። ከዚያ የገመድ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብለው፣ የለበሱት ቶብ ከራሳቸው ላይ ተንሸራቶ እስኪወርድ ሳቁ።

"ያ ቢቲ!" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "እኛ እዚህ የኢማም ማሊክን መዝሀብ ነው የምንከተለው። በእኛ ዘንድ ውሻ እንደ ፍየሏ ንጹሕ ነው። የላሰውን ዕቃ እናጥባለን እንጂ ልጅ አናጥብም።" አባታቸው እርሻቸው ላይ ሦስት ውሾች እንደነበሯቸው፣ እሳቸውም ከውሾቹ ጋር እየተሯሯጡ እንዳደጉ ነገሩኝ። አንቺስ የማን መዝሀብ ነሽ፣ የየትኛውን ሊቅ የሕግ ትምህርት ነው የምትከተይው አሉኝ። የአባቴ አልኳቸው። የአባቴ የሻፊዒ መሆኑን አውቃለሁ። ሱዳኖች ሌላ መሆናቸውን ግን አሥር ዓመት አብሬያቸው ስኖር አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ሙስሊም ሁሉ እንደ አባቴ የሚያጥብ ነበር የሚመስለኝ።

እፎይ አልኩ። ቤቱ ተረፈ፣ ጃኪም ተረፈ። እንባዬ ሁሉ መጣ። እንባዬን ስጠርግ ዓይኔ አጥሩ ጥግ በቆመው የአሕመድ አንገት ላይ አረፈ። ጥርት ብሏል። ይህን ወሬ ከሰሙ ከነገ ጀምሮ ማን ይታጠባል?

ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ሐጃ፣ ይህን ለልጆቹ እንዳይነግሩብኝ አልኩ። ግራ ገባቸው። ቅድም እኔን ፈርተሽ አሁን ደግሞ ልጆችሽን ነው የምትፈሪው አሉኝ። እኔ ራሴን ቢልሰኝ አባቴ እንዳስተማሩኝ ሰባቴን እታጠባለሁ፣ የእነሱ ነገር ግን የአንገት ነገር ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ሐጃ ስድስት ልጅ ያሳደጉ ናቸው፤ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ምስጢር ነው ኢንሻአላህ አሉኝ።

ከወር በኋላ የአሕመድን ውጤት ልቀበል ትምህርት ቤት ሄድኩ። የዲን አስተማሪው ኡስታዝ በር ላይ አገኙኝ። የልጆቼን ንጽሕና አመሰገኑና ውሻችሁስ ደህና ነው ወይ አሉኝ። ውሻችንን በምን አወቁት? አሕመድ ነግሯቸው ኖሯል። ቡችላው በመጣ በሦስተኛው ቀን ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ፣ ውሻ ቢልሰን መታጠብ አለብን ወይ ብሎ ጠይቋቸዋል። እሳቸውም በእኛ መዝሀብ የለባችሁም፣ ለእናትህ ንገራትና ትረፍ ብለውታል። እሱ ግን እንደገና እጁን አወጣ አሉኝ። ሳያስፈልግ ቢታጠቡስ ሐራም ነው ወይ አለ። ውሃ ምን ሐራም አለው፣ ታጠቡ አልኩት አሉኝ፤ እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ አይቼ አላውቅም ብለውም መረቁልኝ።

በሦስተኛው ቀን! ወገቤ እስኪቆረጥ ስቀዳ፣ ስቆጥር፣ ከሐጃ ጋር ስንሾካሾክ የከረምኩት እኮ እኔ ነኝ! እነሱ በዚያ ሙቀት፣ በእናታቸው ፈቃድ፣ በእናታቸው እጅ፣ ያችን የከለከልኳቸውን ውሃ ሲጫወቱባት ከርመዋል። መንገዱን ሁሉ እየተናደድኩ ሄድኩ። ዛሬስ ልክ አገባቸዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ሆሹ በር ስደርስ ድምፅ ሳላሰማ በቀዳዳው አየሁ። ጀማል ሸሚዙን ገልጦ ሆዱን በፉል እየቀባ ጃኪን ይጠራል። አሕመድ ደግሞ ሳፋውን እየጎተተ ነው። ለካ ብብትም የተላሰው እንዲህ ነው።

ቆሜ አሰብኩ። ሁሉንም አውቄያለሁ ብላቸው ውሃውም ይቀራል፣ አንገቱም ይቀራል። ነጠላዬን አጠፍኩና ገባሁ። ሁለቱም እንደ ወትሮው አንገታቸውን ደፍተው፣ ላሰን አሉኝ።

ጆጉን አነሳሁ። ያላ፣ አፈር አምጡ፣ ሆድ ከተላሰ ግን አሥራ አራት ጊዜ ነው አልኩ።

አሕመድ ቀና አለ። አሥራ አራት ነው ያለው ማነው አለኝ።

"ኡስታዝህን ጠይቃቸው" አልኩት።

ተያዩ። ከዚያ አፈሩን ሊያመጡ ሮጡ።