አስታራቂ ይፈለጋል፣ ለአስታራቂዎች

ይቅርታ ለመጠየቅ ስንት ሰው ይበቃል? አንድ የምትሉ ከሆነ፣ ናይሮቢ ውስጥ ሽምግልና ተቀምጣችሁ አታውቁም ማለት ነው።

የአስመራው ተክሌና ኪሊማኒ ሰፈር ምግብ ቤት ያለው የአዲስ አበባው ወርቁ የሃያ ዓመት ወዳጆች ነበሩ። የተክሌ እህት ስትሞት ወርቁ ለቅሶ አልደረሰም። ተኳረፉ። እኛም ከየወገናችን አምስት አምስት ሽማግሌ ሆነን ምግብ ቤቱ ተሰበሰብን።

ወርቁ ገና ከመቀመጡ «ተክሌ ወንድሜ፣ በድዬ...» ሲል እጁን ያዝኩት።

«ቀስ በል! አንተ በደልኩ ካልክ ሁላችንም በደልን ማለት ነው። ለመሆኑ እነሱ ማን ሆነው ነው?»

በተክሌ በኩል ከመጡት አንዱ ሰማኝ። «እናንተማ መቼ ይቅርታ ታውቃላችሁ!» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ምን ልንገራችሁ? የመቶ ዓመት ታሪክ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ። ነገሥታት ተከሰሱ፣ ድንበር ተሰመረ። የሟቿን ስም ያነሳ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ድምፃችን ሲዘጋ ዞር ብንል ሁለቱ የሉም። በረንዳ ላይ አገኘናቸው። ወርቁ የሟቿን ፎቶ በተክሌ ስልክ እያየ ይነፋረቃል። ተክሌ ደግሞ፣ «በቃ አንተ ሰውዬ! ጭራሽ እኔው ላጽናናህ?» ይለዋል።

አሁን ሁለቱ ሽማግሌ ሆነው፣ እኛን ለማስታረቅ ከላቪንግተን ሰፈር ዌስትላንድስ ሰፈር ይመላለሳሉ። ትናንት እኔ ቤት መጡ። በግሌ ቂም የለኝም፣ ግን ወገኖቼን ሳላማክር መታረቅ አልችልም አልኳቸው።

ወገኖቼ አራት ናቸው። ሁለቱ አያናግሩኝም።